ከደልጊ የመጣው ልኬት

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ከመሥሪያ ቤቴ ተደወለልኝ። የደወለችው በእኔ ወንበር የተተካችው የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ጎበዝ ናት፤ ትንሽ ግን ትቸኩላለች።

«እትዬ ስንዱ፣ ይቅርታ አስቸገርኩዎት። ይኼ የእርስዎ ፕሮግራም አንድ ልኬት ከጎደለ ሪፖርቱን አላወጣም ብሎ ይቆማል። ደግሞ የሰው ስም እየጠራ ‹ደውላችሁ ጠይቁ› ይላል። አሁን እኮ የሚደወልለት ሰው የለም፤ ጣቢያው ሁሉ ማሽን ተተክሎበታል። የትኛውን መስመር ላጥፋው?»

«አንዱንም እንዳትነኪ!» ብዬ ጮህሁባት። ምስኪን፣ ደነገጠች። ይቅርታ ጠይቄ ስልኩን ዘጋሁና ይህን መጻፍ ጀመርሁ። ፕሮግራሙ ለምን እንደሚጮህ ቆሞ በስልክ የሚወራ ነገር አይደለም። እሷም ታንብበው፤ ሌላውም ያንብበው።

ሥራዬ የጣናን ከፍታ መመዝገብ ነበር። በሐይቁ ዳር በየቦታው ቁጥር የተጻፈበት ምሰሶ ውሃ ውስጥ ተተክሏል፤ ጌጅ እንለዋለን። በየጌጁ አጠገብ ደግሞ ጌጅ አንባቢ የሚባል ሠራተኛ አለ። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ውሃው የትኛው ቁጥር ላይ እንደደረሰ አይቶ ባሕር ዳር ይደውላል። እኔ ስልኩን አነሣለሁ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እደግምለታለሁ፣ እሱ «ልክ ነው» ይላል፣ ከዚያ በመዝገቡ ሳጥን ውስጥ እጽፋለሁ። ወጣትነቴን በዚህ ነው የጨረስሁት። ደመወዙን አታንሡብኝ።

ድምፃቸውን ግን እስከ ዛሬ እለያለሁ። ከሁሉም የምወደው የደልጊውን ጋሽ ወርቁን ነበር። ጋሽ ወርቁ ቁጥር ብቻ ተናግረው አያውቁም። «አንድ ሜትር ከሰማንያ አራት፤ ነፋስ አለ፤ ጉማሬዋም ዛሬ ምሰሶዬን ስትታከክበት አደረች» ይሉኛል።

«ጋሽ ወርቁ፣ ጉማሬ የምጽፍበት ሳጥን የለኝም» እላቸዋለሁ።

«አንቺ ጻፊያት ግድ የለም። እሷም የጣና ሠራተኛ ናት።»

ሚስታቸውና ልጃቸው ማክሰኝት ነው የሚኖሩት። እሳቸው ከደልጊ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከውሃው ዳር ባለች አንዲት ክፍል ቤት ብቻቸውን ናቸው። ጌጁን ትቶ መሄድ አይቻልም፤ ጧትም ማታም መታየት አለበታ።

አንድ ልማድ ነበረን። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያልደወለ አንባቢ ካለ እኛ እንደውልለታለን። በወረቀት የተጻፈ ደንብ አይደለም። መዝገቡ ላይ ሁለት ባዶ ሳጥን ጎን ለጎን ሲታይ እጅ ራሱ ወደ ስልኩ ይሄዳል፣ በቃ። ብዙውን ጊዜ «ስልኬ ውሃ ገባው» ወይም «ልጄን ስድር ዘነጋሁት» ነው መልሱ። አንዴ ግን አንዱ አንባቢ እግሩ ተሰብሮ ወድቆ አግኝተነዋል፤ ጎረቤት ልከን አነሣነው።

ኮምፒውተር ክፍላችን ሲገባ አብረውት የመጡት መምህር ይትባረክ ናቸው። የዘጌ ሰው ናቸው፣ የካህናት ቤተሰብ፤ ልጅ ሆነው ቅኔ ቤት ቆይተው ኋላ ነው ወደ ኮምፒውተሩ የዞሩት። እኔ ያን ጊዜ አርባን ተሻግሬያለሁ።

«ስንዱ፣ ሩቢ አስተምርሻለሁ» አሉኝ።

«ማን ናት ደግሞ እሷ?»

«ቋንቋ ናት። ኮምፒውተሩን የምታዝዥበት።»

መስኮትና ሥዕል ያለበትን ነገር ትተው ጥቁሩን ስክሪን ከፈቱልኝ። ቃል ትጽፊያለሽ፣ መልሱም በቃል ይመጣል። ከትእዛዙ ስም ኋላ የጣቢያውን ስምና ወሩን ብትጨምሪ ፕሮግራሙ ተቀብሎ ይሠራበታል። እውነቱን ልናገር፣ ያ ጥቁር ነገር ያስፈራኝ ነበር። የጻፍሽውን ይውጥና አንዲት ነጭ ጭረት ብልጭ ድርግም እያለች ታይሻለች። «ሰምቶኛል ወይስ አልሰማኝም?» ብዬ ስጠይቃቸው «ሲሳካለት ዝም ይላል፤ ጠባዩ ነው» ይሉኛል። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ስቀር ጀርባዬን አልሰጠውም ነበር፤ ሳቁብኝ ከፈለጋችሁ።

የመምህር ይትባረክን አሠራር እንዲህ ነው ብሎ መጨረስ አይቻልም። እጃቸው ላይ ሁልጊዜ ስንደዶ አለች፤ እንደ ፊደል ገበታ ስክሪኑን በሷ እየጠቆሙ ኮዱን ጮክ ብዬ እንዳነብ ያደርጉኛል። «በዓይንሽ አትሩጪ፤ ዓይን ይዘላል፣ አፍ አይዘልም።» አንዲት መስመር ሳልጽፍ በፊት የእርዳታውን ጽሑፍ ያስጽፉኛል፦ ይህ ትእዛዝ ምን ይሠራል፣ ምን ይቀበላል፣ ነገር ሲጎድልበት ምን ያደርጋል። ሦስተኛዋን ካልመለስሁ ኮድ የለም።

ፕሮግራም ሁለት አፍ እንዳለውም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ፑትስ» ስትይ መልሱ በአንደኛው አፍ ይወጣል፣ ወደ ሪፖርቱም ይገባል። «ዋርን» ስትይ ግን በሁለተኛው አፍ ነው የሚናገረው፤ ሪፖርቱ ውስጥ አይገባም፣ ስክሪኑ ፊት ለተቀመጠው ሰው ነው የሚናገረው። ሲጨርስ ደግሞ ቁጥር ትቶ ይወጣል፤ ደህና ከሆነ ዜሮ፣ አንድ ነገር ከተበላሸ ሌላ። ባዶውን ነገር ሩቢ «ኒል» ትለዋለች። ስለ ኒል ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ቤታቸው ብራና ሲገለበጥ አይተው አድገዋል፤ ከአሮጌው መጽሐፍ ላይ አንድ ቃል ጠፍቶ የማይነበብ ከሆነ ገልባጩ ቦታውን በልኩ ክፍት ትቶ ያልፋል እንጂ ከራሱ አይጨምርበትም። «ኒልንም እንዲሁ አክብሪያት» ይሉኛል።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ዘጌ ወደ ቡናቸው ሲመለሱ እኔ ፕሮግራም ጻፊ ሆኜ ቀረሁ። ኩራቴ አይጣል! ጌጅ አንባቢዎቹ መደወል ትተው በስልክ ጽሑፍ እንዲልኩ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጽሑፉ አንድ ፋይል ውስጥ ይጠራቀማል፤ የእኔ ፕሮግራም የጣቢያውን ስምና ቁጥሩን ይለቅምና ከቁጥሩ ኋላ ያለውን ወሬ ቆርጦ ይጥላል። ክፍላችን ጸጥ አለ። ስልኩ ላይ አቧራ ተቀመጠበት።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ባዶ ሳጥን ግን አይወድም። «ስንዱ፣ ባዶ ያለበት ሠንጠረዥ ከላይ እየተመለሰብኝ ነው። አንድ ነገር አድርጊ» አለኝ።

አደረግሁ። «ሙላ» የሚባል ትእዛዝ ጻፍሁ። ጣና አንድ ውሃ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ሁለት ጣት ከፍ ካለ ደልጊም ላይ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ የአንዱ ጣቢያ ልኬት ከጎደለ ፕሮግራሙ የሌሎቹን አይቶ ያሰላና ቦታው ላይ ያስገባል። በድሮ መዝገብ ፈተንሁት፤ ከእውነተኛው ጋር የአንድ ጣት ያህል እንኳ አይለያይም። አንዲት መስመር ናት ሥራውን ሁሉ የምትሠራው፤ መሐሏ ላይ ሁለት የቆሙ ጭረቶች አሏት። ልኬቱ ካለ ልኬቱን፣ ኒል ከሆነ ግምቱን ውሰድ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ በሞላ ቁጥር በሁለተኛው አፍ እንዲናገር «ዋርን» አድርጌ ነበር። ኃላፊው ከኋላዬ ቆሞ አየና «ይኼ ሁሉ ልፍለፋ ምንድን ነው?» አለ። አጠፋሁት። የእርዳታ ጽሑፍም አልጻፍሁለትም። ለማን ብዬ? የማዘው እኔው ብቻ ነኝ።

ከዚያ ኋላ ሪፖርታችን እንከን የለሽ ሆነ። አንድ ሰሞን ኃላፊው «አንድም ቀን ያላጓደለ ጣቢያ የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ፕሮግራሙን ጠየቅሁት። ጭረቷ ብልጭ ድርግም አለችና ከሁሉ በላይ ደልጊን አወጣችልኝ። ለጋሽ ወርቁ የምስጋና ወረቀት ተዘጋጀ፤ ፊርማና ማኅተም ተደርጎበት መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።

አንድ ጧት፣ ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቶ ማዶው ሳይታይ፣ ጥቁር የለበሰች ወጣት ሴት ክፍላችን ገባች። ማክሰኝት አስተማሪ መሆኗንና ኢየሩስ መባሏን ነገረችኝ። የጋሽ ወርቁ ልጅ ናት። ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ።

«እሰይ! እንዴት ናቸው ጋሽ ወርቁ? ወረቀት አለላቸው፣ ይዘሽላቸው ትሄጃለሽ!»

«አርባው እሑድ ነው» አለች። «እናቴ ሂደሽ ንገሪያቸው ብላኝ ነው እንጂ እኔ መምጣትም አልፈለግሁ። ዕድሜ ልኩን አገልግሏችሁ አንድ ሰው እንኳ ለቀብር የምትልኩት ጠፋ?»

አልገባኝም። «የማን አርባ?»

«የአባቴ ነዋ!»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ፈገግ አልሁ። «ኧረ ተይ እቴ፣ ተሳስተሻል። ዛሬ ጧት እኮ ልከዋል» አልኋትና ስክሪኑን አዞርሁላት። ደልጊ፣ ዛሬ፣ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት። ቁጥሩ ተቀምጧል።

አማተበች። ከዚያ ወንበር ስባ ቀረበችና «ትናንትስ?» አለች። ትናንትም አለ፣ ጧትም ማታም። «ከትናንት ወዲያስ?» አለ። እንዲህ እያለች ቀን በቀን ወደ ኋላ አስኬደችኝ። አንድ ቅዳሜ ላይ ስንደርስ ጣቷን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሳረፈችና አቆመችኝ።

«በዚህ ሰዓት አፈር አልብሰነው መመለሳችን ነበር» አለች። ልኬቱ ውሃው አንድ ጣት መጨመሩን ያሳያል።

ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። አንገቴ ላይ አንድ ሰው የሚተነፍስብኝ መሰለኝ፤ ዞሬ አየሁ፣ በሩ ተዘግቷል። ኢየሩስ «ማነው የሚልከው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ያኔ ነው የገባኝ።

ፕሮግራሙን ትቼ ያልተነካውን ፋይል፣ መልእክቶቹ እንደመጡ የሚጠራቀሙበትን ከፈትሁ። ፕሮግራሙ ከተጻፈ ጀምሮ ገልጨው አላውቅም። ጋሽ ወርቁ ከነወሬያቸው እዚያ ውስጥ ነበሩ። ነፋሱ፣ ጉማሬዋ፣ «ደህና አደርሽ ወይ ስንዱ፣ ምነው ድምፅሽ ጠፋ»፤ ማንም ያላነበበው። የመጨረሻው መልእክት ከቀብሩ በፊት ባለው ማክሰኞ ጧት የተላከ ነው። ቁጥሩን ጽፈው ከኋላው «ብርድ ብርድ ይለኛል» ብለዋል።

«መቼ ነው ያረፉት?» አልሁ።

«ዓርብ። ዓሣ አጥማጆች ናቸው ያገኙት፤ ገላው ገና አልበረደም ነበር አሉ። ወባ ነው ተብሏል። ድንገት ነው የወሰደው ብለን ነው እኮ የተጽናናነው። እሱ የሚደውልልን እሑድ እሑድ ነው፤ በመሐል ምን እናውቃለን?»

ማክሰኞ ማታ ባዶ። ረቡዕ ጧት ባዶ። በድሮው ልማዳችን ረቡዕ ጧት ሁለቱን ባዶ ሳጥን አይቼ ስልኩን አነሣ ነበር። ጤና ጣቢያው ከቤታቸው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ለኢየሩስ ያን ቀን አልነገርኋትም። «እሑድ እመጣለሁ» ብቻ ብዬ ሸኘኋት። ፈሪ ነኝ፣ ምን ልበላችሁ።

በማግሥቱ በጀልባ ዘጌ ሄድሁ። መምህር ይትባረክ ከቡናው ሥር ተቀምጠው ነበር። ኮዱን በወረቀት አትሜ ወስጄ ሰጠኋቸው። ስንደዶ አልነበራቸውም፤ ከመሬት ጭራሮ አነሡ። «አንብቢው» አሉኝ። ጮክ ብዬ አነበብሁ። ሁለቱ ጭረቶች ላይ ስደርስ ጭራሮውን አሳረፉበት።

«ሲሞላ ለማን ይናገራል?»

«ለማንም።»

ጭራሮውን መሬት ላይ አስቀመጡት። ዛፉ ውስጥ አንዲት ጦጣ እንኳ አልጮኸችም፤ ዘጌ እንደዚያ ጸጥ ሲል አይቼ አላውቅም። ተቆጡኝ እንጂ ብዬ ለመንኋቸው። አልተቆጡም።

«አንድ ነገር ብቻ ነው ተስፋ የማደርገው» አልኋቸው። «ደልጊ መብራት ይጠፋል። ስልካቸው ባትሪ ጨርሶ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ከተዘጋ፣ ብደውልም አላገኛቸውም ነበር። አይደል?»

«እንዲያ ከሆነ አታገኚውም ነበር።»

«ልተወው? እንዲሁ ተዘግቶ ነበር ብዬ ልመን?»

«አይሆንም ስንዱ። ይህንንም በግምት ልትሞዪው ነው እንዴ? ሚስቱን ጠይቂያት። እሑድ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

እስከ እሑድ ያለውን ቀን ፕሮግራሙ ላይ ዋልሁ። «ሙላ»ን ከሥሩ ነቅዬ ጣልሁ። የሞላቸውን ቁጥሮች ሁሉ ከየጣቢያው መዝገብ አወጣሁና ባዷቸውን መለስሁላቸው። ከዚያ አሁን ልጅቷን የሚያስቸግራትን ጻፍሁ፦ ልኬት ሲጎድል በሁለተኛው አፍ የአንባቢውን ስምና ስልክ ይጠራል፤ ሁለት ሲደጋገም ሪፖርቱን ከልክሎ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ጥሎ ይወጣል። ሰው ደውሎ፣ ማን እንዳናገረው ካልጻፈ አይከፈትም። ከቁጥሩ ኋላ ያለውን ወሬም አይቆርጥም። የእርዳታውን ጽሑፍ መጀመሪያ ጻፍሁ። ለኃላፊው ሁሉንም ነገርሁት። የምስጋናውን ወረቀት ከመሳቢያው አወጣና አራት ቦታ ቀደደው። ከዚያ ወዲህ ስለ ባዶ ሳጥን ትንፍሽ ብሎብኝ አያውቅም።

እሑድ ደልጊ ደረስን። ፍትሐቱ አልቆ ካህናቱ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠዋል። እኔ ግን መጀመሪያ ወደ ጌጁ ነው የወረድሁት። የጋሽ ወርቁ ክፍል በር በገመድ ታስሯል፤ ከደጃፉ እስከ ምሰሶው ያለችው የእግር መንገድ ገና ሣር አልበቀለባትም። አንድ ሰው አሁን ወርዶባት የተመለሰ ነው የምትመስለው። ምሰሶውን ተጠግቼ ቁጥሩን አነበብሁ። ያን ቀን ጧት «ሙላ» ሊል ይችል የነበረውን በጭንቅላቴ አሰላሁት፤ ልክ እሱው ነው። ውሃው ላይ አንድም ስሕተት አልሠራሁም ነበር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ ዳሱ ጥግ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ኢየሩስ አጠገባቸው ናት። መምህር ይትባረክ ከኋላዬ ቆሙ። በወይዘሮ የሺ እግር ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለ ፕሮግራሙ፣ ስለ ማክሰኞው መልእክት፣ ስለ ሁለቱ ባዶ ሳጥኖች፣ ድንገት እንዳልነበረ፣ ሦስት ቀን እንደነበረ። ኢየሩስ ጩኸቷን በነጠላዋ አፈነችው። ወይዘሮ የሺ አላለቀሱም።

«ብቻህን አትሁን ስለው» አሉ ቀስ ብለው፣ «‹ሁለት ጊዜ ካላየሁላቸው ከባሕር ዳር ይደውሉልኛል፤ ምን ሆንህ ብሎ የሚጠይቀኝ አላጣሁም› ነበር የሚለኝ። ሁሌ ነበር እንዲህ የሚለኝ።»

ያን ስሰማ መሄድ ፈለግሁ። መምህር ይትባረክ ትከሻዬን በእጃቸው ያዙኝ። የቀረችኝን አንዷን ጥያቄ ጠየቅሁ።

«እማማ፣ ሲያገኟቸው ስልካቸው... ተዘግቶ ነበር?»

«ኧረ የለም» አሉ ወይዘሮ የሺ። «ክፍት ነበረች። ራስጌው ነበረች፤ በፀሐይ የምትሞላ ባትሪ አለችው። ለሚደውልለት ሰው መሞቱን ልንገር ብዬ አጠገቤ አድርጌ ጠበቅሁ። የሚደውል ሲጠፋ፣ በሣልስቱ እኔ ነኝ የዘጋኋት።»